ዊክ ሪፈረንስ ላይ ያሰራችሁትን ኮልባክ ከፍቶ ማየት፦ የፓይተን ዝርዝር መመሪያ

አንድ ሰሞን ቀን ከሌት የሚሠራ ሰርቪስ ላይ ሜሞሪ አስቸገረን። ጠዋት ቀልሎ ይነሳል፣ እየዋለ ይከብዳል፣ ሌሊት ይወድቃል። ተጠቃሚው ሲወጣ አብረው መጥፋት የነበረባቸው የሴሽን ኦብጀክቶች አንዳቸውም አይጠፉም። ግራ የሚያጋባው ደግሞ ሴሽኖቹ የሚመዘገቡበት መዝገብ የያዛቸው በዊክ ሪፈረንስ (ኦብጀክቱን በሚጠቁም፣ ግን ከመጥፋት በማያግድ ማመልከቻ) ብቻ መሆኑ ነው። ኮዱን ያነበበ ሁሉ «ይሄማ ዊክ ነው፣ ችግሩ ከዚህ አይመጣም» እያለ አለፈው።

ጥፋቱ ግን እዚያው መስመር ላይ ነበር። ሴሽኑ መዝገብ ውስጥ ሲገባ «እኔ ስጠፋ ይሄን ጥሩ» ብሎ ያስያዘው ኮልባክ (በኋላ እንዲጠራ የሚሰጥ ፋንክሽን) የራሱ ሜተድ (በክላሱ ውስጥ የተጻፈ ፋንክሽን) ነበር። ሜተድ ደግሞ ባለቤቱን አጥብቆ ይይዛል። መዝገቡ ዊክ ሪፈረንሱን ይዟል፣ ዊክ ሪፈረንሱ ኮልባኩን ይዟል፣ ኮልባኩ ሴሽኑን ይዟል። ኮልባኩ የሚጠራው ሴሽኑ ሲጠፋ ነው፤ ሴሽኑን እንዳይጠፋ ያደረገው ደግሞ ኮልባኩ ነው። ሁለቱ ሲጠባበቁ ሜሞሪው ሞላ።

ዊክ ሪፈረንስ ኦብጀክቱን አይዝም፤ ኮልባኩን ግን እንደማንኛውም ነገር አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ኮልባኩ ምን እንደተሸከመ ሳታዩ ልባችሁን አትጣሉበት። እንዴት እንደሚታይ ከታች ደረጃ በደረጃ አሳያለሁ።

ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር ልበል። የፓይተንን ስሞች እንደሚነበቡት በፊደላችን ነው የምጽፋቸው። እናንተ ስትሠሩ ዊክሬፍ፣ ኮልባክ፣ ፒክ የሚሉትን በላቲን ፊደል ጻፏቸው። «ሴሽን» እና «መያዣ» የመሳሰሉትን እኔ የሰጠኋቸውን የተለዋዋጭ ስሞች ግን በአማርኛ እንዳሉ ብትተዋቸውም ችግር የለም። ፓይተን 3 በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ይቀበላል። በሥልጠና ላይ ይህን ለጀማሪዎች ማሳየት በጣም ደስ ይለኛል።

ደረጃ 1፦ ትንሽ ሙከራ አዘጋጁ

ትልቁን ፕሮጀክት አሁን አትንኩት። አዲስ ፋይል ክፈቱ፣ ዊክሬፍ የሚባለውን ሞጁል አስገቡ፣ ምንም የሌለበት ክላስ ጻፉና አንድ ኦብጀክት ፍጠሩ። ስሙን «ሴሽን» በሉት። ቀጥሎ «ሲጠፋ» የሚባል ፋንክሽን ጻፉ። አንድ ነገር ብቻ ይቀበላል፣ ተቀብሎ «ጠፋ» ብሎ ያትማል። ከዚያ እንዲህ በሉ፦

መያዣ = ዊክሬፍ.ሬፍ(ሴሽን, ሲጠፋ)

«መያዣ()» ብላችሁ ስትጠሩት ሴሽኑ በሕይወት ካለ ሴሽኑን ይመልሳል፣ ከሌለ ነንን (ፓይተን «ምንም የለም» የሚልበትን እሴት) ይመልሳል። ዋናው ጉዳያችን ግን ቀጣዩ መስመር ነው፦

መያዣ.__ኮልባክ__

ይህ ያሰራችሁትን ፋንክሽን ራሱን መልሶ ይሰጣችኋል። ማየት እንጂ መቀየር አይቻልም። ሌላ ፋንክሽን ልትተኩበት ብትሞክሩ ስህተት ይወረውራል። ጥሩም አድርጓል ባይ ነኝ። ኮልባክ መሀል ላይ የሚቀየር ቢሆን ኖሮ ማን ምን እንዳሰረ ለማወቅ ጭራሽ መከራ ነበር።

ዊክ ሪፈረንስ ወደ ፓይተን የገባው እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው 2.1 ላይ ነው። ኮልባክ ማሰር ያኔም ይቻል ነበር። ያሰሩትን መልሶ ማየት የተቻለው ግን በ2014 ከወጣው 3.4 ጀምሮ ነው። በመሀል ባሉት ዓመታት በጂሲ ሞጁል (የጋርቤጅ ኮሌክተሩ፣ ማለትም የማይፈለጉ ኦብጀክቶችን የሚያጸዳው ክፍል ሞጁል) መዞር ነበረብን። «ጂሲ.ጌት_ሪፈረንትስ(መያዣ)» ስትሉ ዊክ ሪፈረንሱ አጥብቆ የያዛቸውን ነገሮች ይዘረዝራል፤ እዚያ ውስጥ ኮልባኩ ይገኛል። ይህን ዘዴ አትርሱት፣ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልባቸው ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው፣ ዊክ ሪፈረንሱን ራሱን የሆነ ቦታ ማስቀመጥ አለባችሁ። «ዊክሬፍ.ሬፍ(ሴሽን, ሲጠፋ)» ብላችሁ ውጤቱን ካልያዛችሁት ዊክ ሪፈረንሱ ወዲያው ይሞታል፣ ኮልባኩም አብሮ ይቀራል። ሴሽኑ ሲጠፋ ማንም አይጠራም፣ ስህተትም አይታይም።

ሁለተኛው የፓይተን የመጻፊያ መስኮት ጉዳይ ነው። እዚያ ውስጥ «መያዣ()» ብላችሁ ሴሽኑ ከታተመ፣ አንደርስኮር የምትባለዋ ተለዋዋጭ የመጨረሻውን ውጤት ይዛ ትቀራለች። ከዚያ ሴሽኑን በዴል ብትሰርዙትም አይሞትም። ሰው «ኮልባኩ አልሠራም» ብሎ ግማሽ ቀን ሲለፋ አይቻለሁ። ስለዚህ ሙከራውን በፋይል ጽፋችሁ አስኪዱት። በመስኮቱ ካላችሁ ደግሞ ከመሰረዛችሁ በፊት ሌላ ነገር አሳትሙ፣ ለምሳሌ 1 ብላችሁ አስገቡ።

ደረጃ 2፦ ኮልባኩን ላጡት

__ኮልባክ__ የሚሰጣችሁ የውጭውን ልባስ ነው። ትክክለኛው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ልክ እንደ ሽንኩርት ንብርብር በንብርብር ትልጡታላችሁ። በተግባር የሚያጋጥሟችሁ ሦስት ዓይነት ልባሶች ናቸው።

ከኦብጀክት ጋር የታሰረ ሜተድ ከሆነ __ሰልፍ__ የሚባል አለው። እሱ ባለቤቱን ያሳያችኋል። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦

መያዣ.__ኮልባክ__.__ሰልፍ__ ኢዝ መያዣ()

መልሱ ትሩ ከሆነ በቃ፣ ሌባው ተያዘ። ኮልባኩ የሚጠብቀውን ኦብጀክት ራሱን ይዟል ማለት ነው። የእኛ ሰርቪስ ጥፋት ይህ ነበር። ባለቤቱ ሌላ ከሆነም ዝም ብላችሁ አትለፉ። «ይሄ ባለቤት በተዘዋዋሪ ሴሽኑን ይይዛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ የሴሽን ዝርዝር ያለው ማናጀር ከሆነ ዞሮ ዞሮ ያው ነው።

ከፋንክቱልስ ሞጁል የመጣ ፓርሻል (ከነግብዓቱ የታሸገ ፋንክሽን) ከሆነ ሦስት ነገር አለው፦ ፈንክ፣ አርግስ እና ኪዎርድስ። ፈንክ ውስጥ ያለውን ፋንክሽን እንደገና ላጡት፣ ምክንያቱም ፈንኩ ራሱ ሜተድ ሊሆን ይችላል። አርግስ እና ኪዎርድስ ውስጥ ያሉትን ደግሞ አንድ በአንድ እዩ። ሰው ፓርሻል ሲጠቀም ሴሽኑን ራሱን በአርግስ ማቀበሉ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ሊያስተላልፍ የፈለገው የሴሽኑን መለያ ቁጥር ብቻ ነበር፤ እጁ ሙሉውን ኦብጀክት ጻፈ።

ሦስተኛው ተራ ፋንክሽን ወይም ላምዳ (ስም የሌለው አጭር ፋንክሽን) ነው። አስቸጋሪው እሱ ነው። ላምዳ የያዘውን ነገር በፊት ለፊት አያሳይም። ከውጭ የወሰዳቸው ተለዋዋጮች __ክሎዠር__ ውስጥ ይቀመጣሉ። ያ ነን ከሆነ በዚህ መንገድ የያዘው ነገር የለም። ካልሆነ የሴሎች ዝርዝር ነው፤ የእያንዳንዱን ሴል ይዘት በ«ሴል_ኮንቴንትስ» ታዩታላችሁ። ሴሉ ባዶ ከሆነ ቫልዩኤረር ይወረውራል፣ ስለዚህ በትራይ ክበቡት። ከስማቸው ጋር ማየት ከፈለጋችሁ ኢንስፔክት የሚባለው ሞጁል «ጌትክሎዠርቫርስ» የሚል ፋንክሽን አለው። ከውጭ የተወሰዱትን፣ ግሎባል የሆኑትንና አብሮ የተሠሩትን ለይቶ ያስቀምጥላችኋል። __ዲፎልትስ__ንም አትርሱ። ለፓራሜትር በነባሪነት የተሰጠ እሴት እዚያ ተደብቆ ይኖራል፣ እሱም አጥብቆ ነው የሚይዘው።

ፋንክሽኑ የት እንደተጻፈ ለማወቅ __ኮድ__ ውስጥ ግቡ። «ኮ_ፋይልኔም» ፋይሉን፣ «ኮ_ፈርስትላይንኖ» የሚጀምርበትን መስመር ይነግራችኋል። ሃያ ላምዳ ባለበት ኮድ ውስጥ «ላምዳ» የሚል ስም ብቻ ማየት ምንም አይጠቅምም። የመስመር ቁጥሩ ግን ወዲያው ወደ ቦታው ይወስዳችኋል።

እነዚህን ሦስቱን በአንድ ትንሽ ፋንክሽን አጠቃልሏቸው። ኮልባክ ይቀበላል፤ ሜተድ ከሆነ ባለቤቱን፣ ፓርሻል ከሆነ ይዘቱን፣ ፋንክሽን ከሆነ ሴሎቹንና ነባሪ እሴቶቹን ይሰበስባል፤ በዝርዝር ይመልሳል። ከሠላሳ መስመር አይበልጥም። እኔ በሄድኩበት ፕሮጀክት ሁሉ ይዤው እዞራለሁ።

ደረጃ 3፦ በአንድ ኦብጀክት ላይ የታሰሩትን ሁሉ አግኙ

እስካሁን ዊክ ሪፈረንሱ በእጃችሁ እንዳለ ቆጥረን ነው የመጣነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን በእጃችሁ ያለው ኦብጀክቱ ነው፤ ማን ምን እንዳሰረበት አታውቁም። ላይብረሪ አስሮበት ሊሆን ይችላል። ለዚህ «ዊክሬፍ.ጌትዊክሬፍስ(ሴሽን)» አለ። በኦብጀክቱ ላይ ያሉትን ዊክ ሪፈረንሶች በሙሉ በዝርዝር ይሰጣችኋል። ቁጥራቸውን ብቻ ከፈለጋችሁ «ጌትዊክሬፍካውንት» ይበቃል።

ዝርዝሩ ላይ እየዞራችሁ የእያንዳንዱን __ኮልባክ__ አሳትሙ። ነን የሆነው ኮልባክ የለውም። እንዲህ ዓይነቱን ፓይተን ቆጥቦ አንዱን ለብዙ ጠያቂ ያካፍለዋል። አሥር ቦታ ያለ ኮልባክ ዊክ ሪፈረንስ ብትፈጥሩ ዝርዝሩ ላይ አንድ ብቻ ብታዩ አትደንግጡ። ኮልባክ ያላቸው ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዝርዝሩ ውስጥ ፕሮክሲም (እንደ ኦብጀክቱ ራሱ ሆኖ የሚያገለግል ዊክ ሪፈረንስ) ይገባል። ፕሮክሲ ላይ __ኮልባክ__ ብላችሁ ስትጠይቁ ጥያቄውን ተቀብሎ ወደ ኦብጀክቱ ያሳልፈዋል፣ ሥራው ያ ስለሆነ። ኦብጀክቱ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለው ስህተት ይመጣል። ስለዚህ በታይፕ ለዩት፣ ለፕሮክሲዎቹም ቅድም አትርሱት ያልኳችሁን «ጂሲ.ጌት_ሪፈረንትስ» ተጠቀሙ። ፕሮክሲው አጥብቆ የያዘውን ኮልባክ ያወጣላችኋል።

ደረጃ 4፦ ከሞት በኋላም የሚነበብ ምልክት ለጥፉ

__ኮልባክ__ የሚታየው ኦብጀክቱ በሕይወት እያለ ብቻ ነው። ኦብጀክቱ ሲሞት ፓይተን መጀመሪያ ዊክ ሪፈረንሱን ያጸዳዋል፣ ከዚያ ኮልባኩን ይጠራል። ስለዚህ ኮልባኩ ውስጥ ሆናችሁ የተቀበላችሁትን ዊክ ሪፈረንስ ብትጠይቁት ኦብጀክቱም ነን፣ __ኮልባክ__ም ነን ነው። ማን እንደሞተና ማን እንዳሰረው ማወቅ የምትፈልጉት ግን ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

መፍትሔው ከሬፍ የሚወርስ የራሳችሁ ክላስ ነው። «ምልክት» የሚባል አንድ ተጨማሪ ነገር ይይዛል። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። __ኒው__ ውስጥ ለወላጁ ኦብጀክቱንና ኮልባኩን ብቻ አቀብሉት፣ ከዚያ ምልክቱን ለጥፉ። __ኢኒት__ም ሦስቱን ተቀብሎ ለወላጁ ሁለቱን ብቻ ያስተላልፍ። አንዱን ጽፋችሁ ሌላውን ከዘለላችሁት ስለ ብዛት የሚያማርር ስህተት ይመጣባችኋል። ክላሱ ላይ __ስሎትስ__ ብትጨምሩ ሜሞሪ ይቆጥባል።

ምልክቱ ጽሑፍ ወይም ቁጥር ብቻ ይሁን። የተጠቃሚው መለያ፣ የፋይል ስምና መስመር፣ የታሰረበት ሰዓት። ኦብጀክቱን ራሱን እዚያ ላይ ብትለጥፉት የሸሻችሁትን ችግር በገዛ እጃችሁ መልሳችሁ አመጣችሁት።

የፓይተን የራሱ ላይብረሪም ይህንኑ ነው የሚያደርገው። ዊክቫልዩዲክሽነሪ እሴቶቹን የሚይዘው ኪድሬፍ በሚባል ከሬፍ በወረሰ ክላስ ነው። የለጠፈው ምልክት ቁልፉ ነው፤ እሴቱ ሲሞት የትኛውን መደብ መሰረዝ እንዳለበት የሚያውቀው በዚያ ነው።

ደረጃ 5፦ የተገኘውን ጥፋት አስተካክሉ

መማር ከፈለጋችሁ ያንኑ ዲክሽነሪ ክፈቱት። አንድ ነገር አስገቡበት፣ በ«ቫልዩሬፍስ» ዊክ ሪፈረንሶቹን አውጡ፣ የአንዱን __ኮልባክ__ እዩ። ተራ ፋንክሽን ነው። __ዲፎልትስ__ን ስትከፍቱ መጀመሪያ ላይ የምታገኙት ወደ ዲክሽነሪው የሚያመለክት ሌላ ዊክ ሪፈረንስ ነው። ኮልባኩ ዲክሽነሪውን አልያዘውም። ሲጠራ «ዲክሽነሪው አለህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ካለ ይሰርዛል፣ ከሌለ ዝም ብሎ ይመለሳል።

የእኛንም ኮድ ያስተካከልነው እንደዚሁ ነው። የሴሽኑን ሜተድ አስወጣን። በቦታው የመለያ ቁጥሩን ብቻ የሚያውቅ ፋንክሽን አስገባን። መዝገቡን ማግኘት የሚፈልገው በዊክ ሪፈረንስ ነው።

«ሜተዱንስ በዊክሬፍ.ሬፍ ብይዘውስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። አይሆንም። «ሴሽን.ዝጋ» ባላችሁ ቁጥር ፓይተን አዲስ የሜተድ ኦብጀክት ይፈጥራል፣ እሱም ወዲያው ይሞታል። ለዚህ ተብሎ የተሠራው ከ3.4 ጀምሮ ያለው ዊክሜተድ ነው። ባለቤቱ እስካለ ድረስ ሜተዱን መልሶ ይሰጣችኋል። ሆኖም ባለቤቱ የሚሞተው ኦብጀክት ራሱ ከሆነ ይህም አያድናችሁም። በሞተ ኦብጀክት ላይ ሜተድ መጥራት አይቻልም።

ከዚህ የከፋ ድብቅ ጥፋትም አለ። ሴሽኑ ዊክ ሪፈረንሱን በራሱ ላይ ቢያስቀምጠው ሴሽን፣ ዊክ ሪፈረንስ፣ ሜተድ፣ ተመልሶ ሴሽን የሚል ክብ ይፈጠራል። ይህን ክብ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ ያጸዳዋል፣ ሜሞሪ አይሞላም። ነገር ግን ዊክ ሪፈረንሱ ራሱ የቆሻሻው አካል ስለሆነ ኮልባኩ አይጠራም። ፋይሉ አይዘጋም፣ መዝገቡ አይጸዳም፣ የሚታይ ስህተትም የለም። ስለዚህ ዊክ ሪፈረንሱ የሚቀመጥበት ቦታ ከሚጠብቀው ኦብጀክት ውጭ ይሁን።

ደረጃ 6፦ አዲስ ኮድ ከሆነ ፋይናላይዝን አስቀድሙ

ዓላማችሁ «ይህ ሲጠፋ ያን አጽዳ» ብቻ ከሆነ ዊክሬፍ.ፋይናላይዝ ይሻላል። ይህም በ3.4 የመጣ ነው። ማስቀመጫ ቦታ አይፈልግም፣ ራሱን ያኖራል። ለመመርመርም ከሁሉ የተመቸ ነው። «ፒክ» ስትሉት በሕይወት ካለ ኦብጀክቱን፣ ፋንክሽኑን፣ አርግሶቹንና ኪዎርድሶቹን አራቱንም በአንዴ ያወጣል። «አላይቭ» አለ ወይስ የለም ይላል። «ዲታች» ደግሞ ሳይጠራ ይፈታዋል። ፕሮግራሙ ሲዘጋም በነባሪነት ይጠራል፤ ካልፈለጋችሁ «አትኤግዚት»ን ፎልስ አድርጉት።

ፒክ የመለሰው ውስጥ ኦብጀክቱ አጥብቆ እንደተያዘ አትርሱ። አይታችሁ ልቀቁት። እዚህም ፋንክሽኑ ወይም አርግሶቹ ኦብጀክቱን ከያዙ መቼም አይሞትም። የደረጃ 2 መላጫችሁን በፒክ ውጤት ላይም ተጠቀሙበት።

ደረጃ 7፦ ቴስት ጻፉለት

በዓይን ያያችሁት ዛሬን ብቻ ነው። ነገ ሌላ ሰው ላምዳ ይጨምራል። ስለዚህ አንድ አጭር ቴስት ይኑራችሁ። ኦብጀክቱን ፍጠሩ፣ እንደ ወትሮው መዝግቡት፣ ስሙን በዴል ሰርዙ፣ «ጂሲ.ኮሌክት()» ጥሩ፣ ከዚያ ዊክ ሪፈረንሱ ነን መመለሱንና ኮልባኩ መጠራቱን አረጋግጡ። ጂሲ መጥራቱ በፓይፓይ (በሌላ ዓይነት የፓይተን ማስኬጃ) ላይ ለሚያስኬድ ሰው ግዴታ ነው፤ እዚያ ኦብጀክት ስሙ እንደተሰረዘ ወዲያው አይሞትም።

ጥልቅ ምርመራ ከፈለጋችሁ ከኮልባኩ ተነስታችሁ በ«ጌት_ሪፈረንትስ» ደረጃ በደረጃ እየወረዳችሁ ኦብጀክቱ ጋ መድረስ አለመድረሳችሁን መፈተሽ ትችላላችሁ። ነገር ግን ገደብ አድርጉለት። ማንኛውም ፋንክሽን የሞጁሉን ግሎባሎች ይይዛል። በዚያ በኩል ከገባችሁ ሙሉ ፕሮግራሙን ስትዞሩ ታድራላችሁ። የሞጁል ዲክሽነሪዎችን ዝለሉ፣ ሦስት ወይም አራት ደረጃ ብቻ ውረዱ። በእኔ ልምድ ችግሩ ከዚያ በላይ ርቆ አያውቅም።

የመጨረሻው ነገር ኮልባኩ ውስጥ የሚነሳ ስህተት ነው። ኮልባክ ሲወድቅ ስህተቱ ወደ ጠራው ኮድ አይመለስም። በስህተት መውጫው ላይ ታትሞ ያልፋል፣ ቴስታችሁም አረንጓዴ ሆኖ ይቀጥላል። ከ3.8 ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ስህተቶች የሚቀበል «ሲስ.አንሬይዘብልሁክ» የሚባል ሁክ አለ። እዚያ ላይ የራሳችሁን ፋንክሽን ተክሉና የመጡትን ስህተቶች ይዘታቸውን በጽሑፍ ብቻ ሰብስቡ። ቴስቱ ሲያልቅ ዝርዝሩ ባዶ መሆኑን አረጋግጡና የቀድሞውን ሁክ ወደ ቦታው መልሱ።